ወደ ወለጋ ሦስት ጊዜ የተነሡት ኦነሲሞስ ነሲብ

የጌታችንን የትንሣኤ በዓል ምክንያት በማድረግ በምናቀርበው በዚህ ገጽ፣ ለወንጌል ሲሉ ከአገራቸው ርቀው ችግርንና ኀዘንን የታገሡ ሰዎችን ታሪክ ማውሳት የተለመደ ነው። ዛሬ የመረጥናቸው ሰው ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች የሚቆጠሩ አይደሉም። እንዲያውም በሕይወታቸው ከደረሰባቸው መከራ አንዱ ከእኛው ወገን የመጣ ነው። ነገር ግን በነቀምቴ፣ በጨለለቂም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ የኦነሲሞስ ነሲብ ስም ሲነሣ ማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ስለማይገኝ፣ አንባብያን ታሪካቸውን ቢያውቁት መልካም ነው ብለን እናምናለን።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ሕፃን ሂካ ተባለ። ትርጉሙ ተርጓሚ ማለት ነው፤ ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡለት ምን አስበው እንደነበረ እግዚአብሔር ያውቃል። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት። ጥቂት ቆይቶም የባሪያ ነጋዴዎች ከእናቱ እጅ ነጥቀው ወሰዱት። ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ በምጽዋ ነፃ አወጣውና በምኩሉ ለነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በምዕራባውያን የትንሣኤ ዕለት፣ ሲጠመቅ የወሰደው ስም ኦነሲሞስ ነው። የሐዋርያው ጳውሎስን ወደ ፊልሞና የተላከ መልእክት ያነበበ ሰው ይህ ስም የማን እንደሆነ አይጠፋውም።

ኦነሲሞስ በስዊድን አገር በዮሐንስሉንድ የሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱ። ወይዘሮ ምሕረት ኃይሉንም አገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት በሱዳን በኩል ከሚጓዙት ጋር ተነሡ። በጥቁር ዓባይ ሽቅብ ተጉዘው እስከ ፋማካ ቢደርሱም ማለፍ አልተቻላቸውም። የጉዞውን መሪ ሞት ነጠቃቸው፤ ኦነሲሞስም በንዳድ ታመሙ። ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ሲደርሱ አገሩ በማኅዲ ዐመፅ ይናጥ ነበር። ወደ ምጽዋ የሚመለሱበትን መንገድ በሚጠባበቁበት በዚያ ወራት ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ።

በ1886 ለሁለተኛ ጊዜ ተነሥተው እንጦጦ ደረሱ። ምኒልክ ግን፣ ያን ጊዜ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፣ እንዲመለሱ አዘዙ። እንደገና ምኩሉ! የምኩሉን ሐሩር የሚያውቅ ሰው፣ ነፃ ከወጡ ባሮች ጋር በምጽዋት በሚተዳደር ሚሲዮን ውስጥ ዓመታትን መቁጠር ምን እንደሚመስል ይገምታል። ወይዘሮ ምሕረትም በሞት ተለዩአቸው። በኋላ ልድያ ዲምቦን አግብተዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያሳዝነን ግን ሌላ ነው። ኦነሲሞስ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ በሙሉ ልብ ሲገቡ፣ በልጅነት የተነጠቁት ከእናታቸው ብቻ ሳይሆን ከእናታቸውም ቋንቋ እንደሆነ ተረዱ። ቃላቱ አልበቋቸውም። ይህን የሞላችላቸው በባርነት ተሸጣ በ1886 ጣልያኖች ከመርከብ ላይ ነፃ ያወጧት አስቴር ጋኖ ናት። ዕድሜዋ ከፍ ሲል ከቤተ ሰቧ ስለተወሰደች ቋንቋው በአፏ ሙሉ ነበረ። 15000 ያህል ቃላት ለመዝገበ ቃላት ሰበሰበች፤ ተረቱን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑን በቃል እንደምታውቀው ጻፈች። በሥራዋ ልክ ስሟ አልተነሣላትም፤ ይህም አግባብ አልነበረም። ሐዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በእኛው በግእዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅድስት ክሪሾና ታተመ።

ሦስተኛው ጉዞ ተሳካ። በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ሲሰበክ ሰማ። የአካባቢው ካህናት አብዛኞቹ ቋንቋውን አይሰሙም ነበርና ነገሩ አስቈጣቸው፤ እመቤታችንን ተሳድበዋል ብለውም ከሰሷቸው። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀርበው እንዲጋዙ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ወሰኑ። በእምነት ረገድ በእኛና በኦነሲሞስ መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ልዩነት ነው፤ አንሸፋፍነውም። ይሁን እንጂ ካህናቱ ለመልሱ የሚሆን ኦሮምኛ ሳይማሩ ወደ ክስ መቸኰላቸውን ስናስብ ዝም ማለት ይከብደናል።

ሠላሳ ዓመት ያህል ሊሰብኩለት የደከሙለት ሕዝብ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ኦነሲሞስ ዐሥር ዓመት ከስብከት ተከለከሉ። ትምህርት ቤታቸውን ይዘው፣ የመጋዙ ሥጋት ሳይለያቸው ልጆችን ፊደል አስቈጠሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የስብከት ፈቃድ በደብዳቤ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ደብዳቤው አልተሻረም። ኦነሲሞስ እየሰበኩና መጽሐፋቸውን እያደሉ ኖረው፣ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓመተ ምሕረት፣ በዕለተ እሑድ፣ በነቀምቴ ዐረፉ።