አዳኙ ዊሊያም ሆርናዴይ

በፊደላችን «አዳኝ» ብለን ስንጽፍ አውሬ ገዳዩንም፣ ከጥፋት የሚታደገውንም ሰው ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ብቻ ነው። ዊሊያም ቴምፕል ሆርናዴይ በሁለቱም ትርጉም አዳኝ ነበር። የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ዱር አራዊት መመናመን እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ የዚህን ሰው ሕይወት የመረጥሁትም ስለዚሁ ነው። አንድ የእንስሳ ዘር እንዴት ወደ መጥፋት እንደሚቃረብ፣ እንዴትስ እንደሚተርፍ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተጠቃሎ የሚታይበት ታሪክ ብዙ አይደለምና። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ሆርናዴይ በ1854 በኢንዲያና ግዛት ተወልዶ ያደገው በአዮዋ ነው። በዚያው ግዛት በእርሻ ኮሌጅ ትምህርት ጀምሮ ሳይፈጽም በኒውዮርክ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ሮቼስተር ከተማ ሄደና ለቤተ መዘክሮች አራዊትን ከሚያዘጋጅ ድርጅት ተቀጠረ። ሙያው የሞተን እንስሳ ቆዳ ገፎ፣ በውስጡ ቅርጽ አበጅቶ፣ ሕያው አስመስሎ ማቆም ነበር። ለዚሁም ሥራ ወደ ህንድ፣ ወደ ሲሎንና ወደ ቦርኒዮ ተልኮ ከ1876 እስከ 1879 አራዊትን ሲገድልና ሲሰበስብ ቆየ። በ1882 በዋሽንግተን የብሔራዊው ቤተ መዘክር የዚህ ሙያ ኃላፊ ሆነ። ዘመኑ አንድን አውሬ መውደድና መተኮስ እርስ በርስ የማይቃረኑ ሆነው የሚታዩበት ዘመን ነበር።

ስለ ሰውየው ከመቀጠላችን በፊት ስለ እንስሳው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ባይሰን የተባለው የአሜሪካ ጎሽ በአገራችን ለሚታወቀው ጎሽ የሩቅ ዘመዱ እንጂ አንድ ዘር አይደለም፤ ትከሻው ጉብ ያለ፣ አንገቱና ግንባሩ በወፍራም ጎፈር የተሸፈነ ግዙፍ እንስሳ ነው። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ቁጥሩ ከ30 እስከ 60 ሚሊዮን ይደርስ እንደነበር ይገመታል። ለሜዳው ነባር ሕዝቦችም ምግባቸው፣ ልብሳቸውና ድንኳናቸው እርሱ ነበር።

ይህን ያህል መንጋ እንዴት ሊያልቅ ቻለ? ድርቅና በሽታ ድርሻ ነበራቸው፤ ዋናው ምክንያት ግን ገበያ ነው። በ1869 ተሠርቶ ያለቀው አህጉር አቋራጭ የባቡር ሐዲድ መንጋውን ለሁለት ከመክፈሉም በላይ ቆዳውን ወደ ምሥራቅ ከተሞች ለማጋዝ አመቺ ሆነ። በ1871 ግድም ደግሞ ቆዳ ፋቂዎች የጎሹን ቆዳ የፋብሪካ መዘውር ወደሚያዞር ጠፍር የሚለውጡበትን ዘዴ አገኙ። ቀድሞ በብርዱ ወራት ብቻ፣ ለፀጉሩ ሲባል ይፈለግ የነበረው ቆዳ ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ጎሾቹ ከጎናቸው ያለው ሲወድቅ ብዙ ጊዜ በቦታቸው ስለሚቆሙ፣ ከሩቅ የሚመታ ጠመንጃ የያዘ አንድ ሰው በአንድ ቀን በርካታዎችን ይጥል ነበር። ቆዳው ተገፎ ሥጋው ሜዳ ላይ ይበሰብሳል፤ አጥንቱም በኋላ ተለቅሞ ለማዳበሪያ ተሸጠ። በዓመት ቢበዛ አንድ ጥጃ የምትወልድ ላም እንዲህ ያለውን ግድያ ልትተካ አትችልም። በ1874 የአሜሪካ ምክር ቤት መከላከያ ሕግ ቢያጸድቅም ፕሬዚዳንት ግራንት ሳይፈርሙበት ቀርተው ሕጉ ወደቀ። ጎሹ ካለቀ ነባሮቹ ሕዝቦች በረሀብ ተገደው ይገዛሉ ብለው የሚያምኑ ባለ ሥልጣኖችና የጦር መኮንኖች ጥቂቶች አልነበሩም። የደቡቡ መንጋ በ1870ዎቹ፣ የሰሜኑም በ1883 ግድም አለቀ።

ሆርናዴይ ይህን የተረዳው በ1886 የቤተ መዘክሩን ክምችት ሲመረምር ነው። ለሕዝብ ለማሳየት የሚበቃ የጎሽ ናሙና አልነበረም። በግንቦት ወር ወደ ሞንታና ተጓዘ፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኘው ጥቂት ስለሆነ በመከር ወራት ተመለሰ። በሁለቱ ጉዞዎች ከሃያ በላይ ጎሾች ተገደሉ። ከእነርሱ ትልቁን ኮርማ የጣለው ራሱ ሲሆን፣ በሬሳው ውስጥ ቀደም ብለው ሌሎች ሰዎች የተኮሷቸው ጥይቶች ተገኙ። አስተሳሰቡ እንደሚከተለው ነበር፤ ዘሩ መጥፋቱ የማይቀር ከሆነ፣ ቢያንስ መጪው ትውልድ የሚያየው ምስል ይቅር። ዛሬ ለሚያነበው ሰው ይህ ስሌት የሚዘገንን ነው፤ ለእርሱ ግን የሙያ ግዴታ ሆኖ ታይቶት ነበር። በ1888 ስድስት ጎሾችን ከሞንታና በመጣ ሣርና አፈር ላይ አቁሞ ለሕዝብ አሳየ። በሥራው ውስጥም ከእርሱ በኋላ ለሚመጣ ባለሙያ አንድ ማስታወሻ ደብቆ ተወ፤ እርሱ ራሱ አፈርና አመድ በሆነ ጊዜ ጎሾቹን ከብልሽትና ከጥፋት እንዲጠብቃቸው የሚለምን ነው። የተገኘው በ1957 ነበር።

ከስድስቱ አንዱ ጥጃ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ በሕይወት ተይዞ ወደ ዋሽንግተን ከመጣ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሞቷል።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ሥራ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከጠመንጃውም ከቤተ መዘክሩም ይበልጣል። ሆርናዴይ ለከብት አርቢዎች፣ ለጦር መኮንኖችና ለአዳኞች ደብዳቤ እየጻፈ የቀሩትን ጎሾች መቁጠር ጀመረ። በ1889 ባወጣው ጥናት ውጤቱን ገለጸ። በመላው ሰሜን አሜሪካ የቀሩት 1,091 ብቻ ነበሩ፤ 256 በሰው እጅ፣ 200 በየሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ፣ 550 በካናዳ በዱር፣ 85 ደግሞ በአሜሪካ ምድር ያለ ጠባቂ የሚንከራተቱ። ከዚያ በፊት ስለ ጎሹ መጥፋት የሚነገረው በወሬ ነበር። ከቆጠራው በኋላ ግን ማንም ሹም አላወቅሁም ለማለት የማይችልበት ሰነድ ተገኘ።

በእነዚሁ ዓመታት ከቤተ መዘክሩ ሕንፃ ጀርባ ጥቂት ሕያው ጎሾችን ማርባት ጀምሮ ስለነበር፣ በ1889 በሕግ ለተቋቋመው ብሔራዊ መካነ አራዊት መነሻ ሆነ። ከአለቃው ጋር ስላልተስማማ ግን በ1890 ሥራውን ለቅቆ በቤትና በመሬት ንግድ ተሰማራ፤ የነገደባትም ከተማ፣ እንዲያው ሲገጥም፣ ስሟ በእንግሊዝኛ ጎሽ ማለት የሆነው ባፋሎ ናት። በ1896 የኒውዮርክ መካነ አራዊት ዲሬክተር እንዲሆን ተጠርቶ እስከ 1926 በዚያው አገለገለ።

በ1905 የአሜሪካ የባይሰን ማኅበር በዚሁ መካነ አራዊት ሲመሠረት ሆርናዴይ ፕሬዚዳንት፣ ቴዎዶር ሩዝቬልት የክብር ፕሬዚዳንት ሆኑ። የማኅበሩ ዕቅድ ግልጽ ነበር። መንጋው ሁሉ በአንድ ቦታ ቢቀመጥ አንድ በሽታ ሊፈጀው ስለሚችል፣ ተራርቀው በሚገኙ ሥፍራዎች በመንግሥት መሬት ላይ፣ በሕግና በአጥር ተጠብቆ እንዲረባ ማድረግ ነው።

በዚህ መካከል የሆነውን ዘልሎ ማለፍ አይገባም። በመስከረም 1906 ሆርናዴይ ኦታ ቤንጋ የተባለውን ከኮንጎ የመጣ ወጣት በጦጣዎች ቤት ውስጥ ለሕዝብ እንዲታይ አደረገ። የከተማይቱ ጥቁር ቀሳውስት አጥብቀው ተቃወሙ፤ ወጣቱም በዚያው ወር ከዚያ ወጣ። ሆርናዴይ ግን የሠራው ነውር አልታየውም። ኦታ ቤንጋ ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1916 በቨርጂኒያ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። መካነ አራዊቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2020 ነው። ለእንስሳ ይህን ያህል የራራ ልብ ለሰው የተዘጋ መሆኑ የሕይወት ታሪኩ ሊደብቀው የማይችል ጉድለት ነው።

በጥቅምት 1907 አሥራ አምስት ጎሾች ከኒውዮርክ በባቡር ተጭነው ወደ ኦክላሆማ ዊቺታ ተራሮች ተላኩ። ከአንድ ትውልድ በፊት ቆዳ ወደ ምሥራቅ ያጋዘው ባቡር አሁን ሕያው ጎሽ ወደ ምዕራብ መለሰ። ሊቀበሏቸው ከወጡት መካከል የኮማንቼ ሕዝብ መሪ የነበረው ኳና ፓርከር ይገኝበታል። በ1908 ምክር ቤቱ በሞንታና ሁለተኛ ክልል እንዲከለል ሲወስን፣ ማኅበሩ የጎሾቹን መግዣ 10,000 ዶላር ያህል ከሕዝብ በመዋጮ ሰበሰበ።

ሆርናዴይ የባሕር አቆስጣን ከፀጉር ነጋዴዎች፣ ወፎችን ከባርኔጣ ሠሪዎች ለማዳን በተደረገው ዘመቻም ተካፍሏል፤ የ1911ዱ የአቆስጣ ስምምነትና የዱር ወፍ ላባ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የከለከለው የ1913ቱ ሕግ የብዙ ሰዎች ድካም ቢሆኑም የእርሱ እጅ አለባቸው። በ1937 በኮነቲከት ግዛት ሞተ።

ዛሬ የአሜሪካ ጎሽ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል፤ አብዛኛው ግን ለሥጋ የሚረባ ነው። ለጥበቃ በተያዙት መንጋዎች ያሉት 20,000 ያህል ናቸው። ሁሉም ከጥቂት ተራፊዎች የተወለዱ በመሆናቸው የዘር ስብጥራቸው ጠቧል፤ አርቢዎች ከቤት ከብት ጋር ስላዳቀሏቸውም የከብት ደም በብዙዎቹ ውስጥ ይገኛል።

የሞንታናው ክልል የተወሰደው ከሳሊሽና ከኩተናይ ሕዝቦች መሬት ላይ፣ ያለ ፈቃዳቸው ነበር። በውስጡ የተለቀቁት ጎሾችም በአብዛኛው የዘር ሐረጋቸው በ1870ዎቹ የእነዚሁ ነገዶች ሰዎች ከተራራ ማዶ አምጥተው ካሳደጓቸው ጥጆች የሚመዘዝ ነው። በ2020 የወጣ ሕግ መሬቱን ለነገዶቹ መለሰ፤ መንጋውንም አሁን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው።