አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ እና የሞክሼ ፊደላት አጻጻፍ

በአማርኛ የሚጽፍ ተመራማሪ «ዓመት»ን «አመት»፣ «ሥራ»ን «ስራ» ቢል አንባቢውን ከመረዳት አያግደውም። ይህ ስሕተት ነው ወይስ ተቀባይነት ያለው አማራጭ? ክርክሩ ሲነሣ ከሚጠቀሱት ሊቃውንት ቀዳሚው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው።

አለቃ በ1862 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተጉዘው ረጅም ዘመን ኖሩ። በዚያም የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ደቀ መዝሙር ሆኑ። መምህሩ የጣሊያናዊውን ሊቅ የኢኛስዮ ጉዊዲን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሥራ የረዱ ሲሆን፣ ራሳቸው የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሳይፈጽሙ በማረፋቸው አደራው ወደ አለቃ ተላለፈ።

አለቃ ግእዝን ከዕብራይስጥ፣ ከዐረብኛና ከሱርስት ጋር እያነጻጸሩ ሠርተዋል። የአቋማቸው ምንጭ እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ሐ» እና «ኀ» በአማርኛ ተናጋሪ አፍ አንድ ቢሆኑም፣ በዐረብኛ አቻዎቻቸው ዛሬም ተለያይተው ይሰማሉ። በግእዝም «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው፤ «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ፤ «ሐለየ» ዘፈነ፣ «ኀለየ» አሰበ። ስለዚህ ለአለቃ ፊደልን ማቀያየር ሥርን ማጥፋት ነበር። በዚሁ ጥብቅነት መዝገባቸውንም በተለመደው በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ አዘጋጁት፤ ለዛሬ ተጠቃሚ ይህ ሳያስቸግር አይቀርም።

መጽሐፋቸውን ታትሞ አላዩም። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ረቂቁ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ቀረ፤ እሳቸውም በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። የርእሱ መጨረሻ ቃል «ሐዲስ» ነው። ደስታ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት የራሳቸው መዝገበ ቃላት ደግሞ «ዐዲስ» ብሎ ይጀምራል። የአገሪቱ መዲና «አዲስ» ተብላ ትጻፋለች። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙትና የአጻጻፍ መሻሻልን የደገፉት ደራሲ ስማቸውን «ሀዲስ» ብለው ጻፉ። አንድ ቃል፣ አራት መልክ፤ ሁሉም በታወቀ ሰነድ ላይ። በካታሎግ በአንዱ መልክ ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ሌላውን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

የአለቃ መለኪያ ወሰን እንዳለውም መታወቅ አለበት። ሥሩ ግእዝ ለሆነ ቃል ዳኝነቱ ጽኑ ነው፤ «ምሕረት» እና «ትምህርት» ለምን በተለያየ ፊደል እንደሚጻፉ ያለ እሱ ማስረዳት ይቸግራል። ከሌላ ቋንቋ ለመጣ ስም ግን የሚመዝነው ሥር የለውም። ጉዱማሌ የምትገኝባት ከተማችን ቀድሞ «አዋሳ» ስትባል ኖራ ዛሬ «ሀዋሳ» ወይም «ሐዋሳ» ተብላ ትጻፋለች። ስሙ የሲዳምኛ ነው፤ ሲዳምኛ ደግሞ ያለው አንድ «ሀ» ብቻ ስለሆነ፣ በሁለቱ ፊደላት መካከል የሚመርጠው የጸሐፊዎች ልማድ እንጂ መዝገቡ አይደለም።