ዳግማዊ ምኒልክና የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት

በጅቡቲ ከተማ መካከል ቅስት ባላቸው ነጫጭ ሕንፃዎች የተከበበ አንድ አደባባይ ይገኛል። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነፃነቷን ካገኘች በኋላ አደባባዩ በነፃነቷ ዕለት ስም ቢሰየምም፥ የከተማው ሕዝብ ግን ዛሬም ሜኔሊክ አደባባይ እያለ ይጠራዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ባልገዙት አገር ስማቸው የቀረው ጅቡቲን ከኢትዮጵያ ጋራ ባገናኘው የምድር ባቡር ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ዳግማዊ ምኒልክ ከሐዲዱ ሌላ የከፈቱት አንድ መንገድ አለ፤ ይኸውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ይህኛው መንገድ ያለ ክርክር አልተከፈተም።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፥ በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በወጉበት ጊዜ ስለ ሞቱ፥ ሕፃኑ ምኒልክ ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ከቈዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ በዐድዋ ድል አደረጉ።

የዐድዋ ጦርነት መነሻ ከትምህርት ጋራ የተያያዘ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል የዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል ፈቃድን ሲሰጥ የኢጣልያንኛው ቃል ግዴታን ያመለክት ነበር። የባዕድ ቋንቋ አጣርቶ የሚያውቅ የአገር ተወላጅ ያነሰበት መንግሥት፥ ነፃነቱን ለሌላ ሰው ብዕር አሳልፎ እንደሚሰጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም። ከድሉም በኋላ መልእክተኞችና ነጋዴዎች በዙ፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ የሚጻፈው ደብዳቤና የሚፈረመው ውል ዕለት ዕለት ጨመረ።

በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ትምህርት አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። ፊደልና ዳዊት፥ ዜማ፥ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ለመክፈት በተነሡ ጊዜ፥ በሊቀ ጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስና በካህናቱ በኩል ተቃውሞ ገጠማቸው። የክርክሩ ነገር ልጅ ይማር ወይስ አይማር የሚል አልነበረም፤ ማን ያስተምረው፥ ምንስ ይማር የሚል ነበር። የአውሮፓ መምህር ከቋንቋው ጋራ ሃይማኖቱን ያስገባል የሚለው ፍርሃትም ከንቱ አልነበረም፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ለውጥ ምክንያት የፈሰሰው ደም ገና አልተረሳም ነበርና።

ምኒልክ በዐዋጅ ብቻ ተቃውሞውን መደምሰስ የሚችሉ ኃይለኛ ንጉሥ ነበሩ፤ ነገር ግን የማግባባትን መንገድ መረጡ። ከግብፅ፥ በእምነት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋራ አንድ የሆኑ የቅብጥ መምህራንን አስመጡ፤ የእነዚህም አለቃ ሐና ሳሊብ ይባሉ ነበር። በዚህም ካህናቱ ስለ እምነታቸው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ቋንቋው ትምህርት ተረጋጉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፥ እንግሊዝኛ፥ ኢጣልያንኛ፥ ዐረብኛ፥ እንዲሁም አማርኛ፥ ግእዝና ሒሳብ ያስተምር ጀመር። በዚያው ዘመን ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ከስድስት ዓመታቸው ጀምረው ወደ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያዝ ዐዋጅ ወጣ።

ስምምነቱ ዋጋ አስከፍሏል። ከሩቅ የመጣ መምህር የተማሪውን የእናት ቋንቋ አያውቅምና ትምህርቱ በባዕድ ቋንቋ ላይ አመዘነ፤ ትምህርት ቤቱም ከእጅ ጥበብ ሰው ይልቅ አስተርጓሚና ጸሐፊ አወጣ። በመጀመሪያ የገቡትም በአብዛኛው የመኳንንት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ዐዋጁ ሴቶችን ቢጠራም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነ። ምኒልክ ግን ይህን ለማረም ጊዜ አላገኙም፤ ሕመም ጸንቶባቸው ከሥራ ከራቁ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እንኳ ከዕረፍታቸው በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው።

በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደር ትምህርት ቤት፥ በሕፃን ፊት የሚቀርበውን መጽሐፍ የሚመርጠው ወላጅ ነው፥ የሃይማኖት አባት ነው፥ ወይስ መንግሥት? ይህ ጥያቄ በየአገሩና በየዘመኑ በአዲስ መልክ ይነሣል። ከምኒልክ ሥራ የምንማረው የሚፈራውን ሰው ሳይንቁ፥ የሕፃኑንም ዕውቀት ለፍርሃት ሳይሠዉ መሥራት እንደሚቻል ነው። ደግሞም በሽማግሌዎች መካከል የተደረገ ስምምነት ምንም ያህል ብልህ ቢሆን፥ በመጨረሻ የሚመዘነው በክርክሩ ጊዜ ድምፁ ባልተሰማው በተማሪው ላይ ባፈራው ፍሬ መሆኑን መምህራን ዘወትር ሊያስቡት ይገባል።