ኡነይስ፦ አልሄድም ያለው ልጅ

 

ከላፍቶ እስከ ጀሞ ባሉ ቤቶቻችን የታወቀ ነገር ነው፤ ልጅ ሱቅ ይላካል፣ ኳስ ያያል፣ እዚያው ይቀራል። ሲመለስ ኩርኩም ወይም ቁንጥጫ ይጠብቀዋል። እስቲ ዛሬ የአነስ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ሕይወት እንይ።

አነስ የመዲና ልጅ ነው። እናቱ ኡሙ ሱለይም ስትሰልም አባቱ ተቆጥቶ ወደ ሻም ሄደ፤ እዚያው ሞተ። በ622 ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ እናቱ የ10 ዓመቱን ልጇን እንዲያገለግላቸው ሰጠቻቸው። 10 ዓመት ያህል አብሯቸው ኖረ።

አንድ ቀን ሊልኩት ሲሉ በአፉ አልሄድም አለ፤ በልቡ ግን ሊሄድ አስቧል። ወጥቶ ገበያ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች ዘንድ ሲደርስ ከኋላው ማጅራቱን የያዘው ሰው አለ። ዞር ቢል ረሱል ናቸው፣ እየሳቁ። ኡነይስ ብለው በቁልምጫ ጠሩትና የተላከበት ሄዶ እንደሆነ ጠየቁት። እሱም አሁን እሄዳለሁ አለ።

ልብ በሉ! ከሩቅ አልጮሁበትም፤ እሱ ያለበት ድረስ ሄዱ። በጓደኞቹ ፊት አላዋረዱትም። ግን መልእክቱንም አልተዉለትም፤ አስታወሱት። ርኅራኄ ማለት ልጅን መልቀቅ አይደለም። ቤተሰብ ሲወቅሰው እንኳ ተዉት ይሉ ነበር። በእነዚያ ዓመታት አንዴም ኡፍ እንዳላሉት አነስ ራሱ መስክሯል።

እናቱም አስተዋይ ነበረች። ረሱል በምስጢር ልከውት ቤት ሲዘገይ ምክንያቱን ጠየቀችው። ምስጢር ነው ሲላት አልተጫነችውም፤ ለማንም እንዳይናገር አጠነከረችው። መልካም ሲሠራ አይታ አበረታችው ማለት ነው።

ያ ልጅ አድጎ ከ2,200 በላይ ሐዲሥ አስተላለፈልን፤ በበስራ ከተማ ዕድሜ ጠግቦ አረፈ። በ1111 የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊም ለወላጆች ይህንኑ መንገድ አሳይተዋል፦ በጎውን ማመስገን፣ የመጀመሪያውን ጥፋት እንዳላዩ ማለፍ፣ ከደገመው ለብቻው መምከር፣ ወቀሳ አለማብዛት። ወቀሳ የለመደ ጆሮ አይሰማምና።

ገና ወላጅ ባትሆኑም ታናናሾች አሏችሁ። በዚህ ሳምንት አንዱ ሲያጠፋ ሄዳችሁ በቁልምጫ ስሙ ጥሩት፤ ሥራውን ግን ያስጨርሱት እጆቻችሁ ሳይሆኑ ቃላችሁ ይሁን። አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።