ስንዱ ገብሩ፡- ከመምህርነት እስከ ፓርላማ

በ1950 ዓ.ም. መጀመርያ የአዲስ አበባ ነዋሪ የፓርላማ እንደራሴዎቹን ለመጀመርያ ጊዜ ራሱ መረጠ። ከመዲናዋ ተመርጠው ወደ ሕግ መምርያ ምክር ቤት ከገቡት መካከል ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ይገኙበታል። በኢትዮጵያ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ ፓርላማ የገቡት የመጀመርያዋ ሴት እሳቸው ናቸው።

ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ገብሩ ደስታ የጎንደር፣ በኋላም የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩ፣ በውጭ አገር የተማሩና ለዘመናዊ ትምህርት የቆሙ ሰው ነበሩ። ሴት ልጅን ፊደል ማስቆጠር እንደ ድፍረት በሚታይበት በዚያ ዘመን ልጆቻቸው ስንዱና የውብዳር ስዊዘርላንድ ድረስ ሄደው እንዲማሩ አድርገዋል።

ስንዱ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ የጣሊያን ወረራ መጣ። እሳቸውም በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ይንቀሳቀስ ከነበረው የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች ጋር ተቀላቀሉ። ማኅበሩ በ1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር በጠላት እጅ ሲወድቅ፣ የስንዱ ዕጣ ግዞት ሆነ። በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው የአዚናራ ደሴት ተወስደው ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ታሰሩ።

ከነፃነት በኋላ ሥራቸው ማስተማር ነበር። በእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመርያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ለመሆን በቁ። ግጥሞቻቸውንና ተውኔቶቻቸውን የያዘው «የልቤ መጽሐፍ» የታተመውም በእነዚያ የመምህርነት ዓመታት ነው።

የፓርላማውን በር የከፈተላቸው በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። አዲሱ ግን ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ሴት ወንድ ሳይል፣ የመምረጥ መብት ሰጠ። ስንዱ የተማሩባት ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሰጠችው ከዚህ 15 ዓመታት ያህል ዘግይታ፣ በ1963 ዓ.ም. መሆኑን ልብ ይሏል።

መብቱ ግን ገደብ ነበረው። ዕጩ ለመሆን በሚወዳደሩበት አካባቢ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖር ይገባ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ የለም፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በየግሉ ነው። ሚኒስትሮችንም የሚሾመውና የሚሽረው ንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ምክር ቤቱ አልነበረም። በመሆኑም እንደራሴ የመራጩን ጉዳይ ማሰማት ቢችልም፣ ማስፈጸሚያ አቅሙ ውስን ነበር። ስንዱ በዚህ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሰዋል።

የዚያን ወንበር ክብርና አቅም በአንድነት የሚያሳየው ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስት እንድትታዘዘው ደነገገ፤ የጋራ መኖርያቸውን የመምረጥ ሥልጣንም ለባል ሰጠ። ድምፅ በመስጠት ከወንድ እኩል የሆነች ሴት፣ ቤቷ ስትገባ በሕግ ታዛዥ ነበረች። ሕጉ የወጣው ደግሞ ሴት እንደራሴ በነበረበት የፓርላማ ዘመን ነው። አንዲት ሴት በምክር ቤት መቀመጧ ብቻውን ሕጉን አልለወጠውም።

ስንዱ ከፓርላማ በኋላም በመንግሥት ሥራ ቀጥለው፣ በጀርመን የኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ።

የባልን የበላይነት የደነገጉት አንቀጾች በፌዴራል ደረጃ የተሻሩት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። በመካከሉ 40 ዓመታት አልፈዋል። ያን ጊዜ ስንዱ የ84 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ቢዘገይም፣ ያን ቀን በሕይወት ቆይተው ለማየት በቅተዋል።