ስሙን ሸፍኖ ማዳመጥ፦ ከቶማስ ኤዲሰን ሕይወት የምንማረው

ዘንድሮ የወላጆች ኮሚቴያችን ለትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ መግዣ ገንዘብ አሰባስቧል። ዋልዳ ላይ ይህን ያህል ሽልንግ ማዋጣት ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አምና ለመዝጊያው በዓል የተከራየነው ማጉያ ትልቅ ስም የተጻፈበት ነበር፤ ይሁንና ከኋላ የተቀመጡ እናቶች ልጆቻቸው ያነበቡትን ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችን በፊት፣ ድምፅን ቀድቶ መልሶ ማሰማት እንደሚቻል ለዓለም ያሳየውን ሰው ሕይወት ማስታወስ ይጠቅመናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶማስ አልቫ ኤዲሰን በ1847 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ማይላን በምትባል ከተማ ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። መምህሩ አእምሮው ዘገምተኛ ነው ብሎ ስላሰበ፣ ቀድሞ መምህርት የነበረችው እናቱ ከዚያ አውጥታ ራሷ አስተማረችው። በ12 ዓመቱ ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ ይሸጥ ጀመር፤ ቆይቶም የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር።

ይህ ጆሮው የደከመ ሰው በ1877 በቆርቆሮ ፎይል በተጠቀለለ ሲሊንደር ላይ የራሱን ድምፅ ቀድቶ መልሶ አሰማ። መሣሪያው ፎኖግራፍ ተባለ። እየተሻሻለም ወደ አገራችን ደረሰ፦ በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰም ሲሊንደር ድምፃቸውን ቀድተው ለዐፄ ምኒልክ ላኩ፤ በ1899 ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በዚያው መንገድ መለሱላቸው። የዐፄ ምኒልክ ድምፅ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይሰማል።

በ1912 ኤዲሰን እኛ ሸክላ የምንለውን ጠፍጣፋ ዲስክ ይዞ ገበያ ገባ። የሌሎች አምራቾች የብረት መርፌ ቶሎ ቶሎ ሲቀየር፣ የእርሱ ከአልማዝ የተሠራ ስለነበር አይቀየርም ነበር። ድምፁ ከዘመኑ ሸክላዎች የጠራ እንደነበር ብዙዎች ይስማማሉ። ከ1915 ጀምሮ ኩባንያው ሕዝብ በአዳራሽ እየሰበሰበ፣ ዘፋኝና ማጫወቻውን ጎን ለጎን ያሰማ ነበር። መብራት ይጠፋል፤ ዘፋኟ በጨለማ ወጥታ ትሄዳለች፤ ሕዝቡ ግን አሁንም እርሷ የምትዘፍን ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ፤ ዘፋኞቹ ድምፃቸውን ከማሽኑ ድምፅ ጋር ያመሳስሉ ነበር። ሻጭ ያዘጋጀው ፈተና ለሻጭ ያደላል።

ሆኖም ገበያውን የመራው ቪክተር የተባለው ተፎካካሪ ኩባንያ ነው። ቪክተር ዝነኛውን ጣሊያናዊ ዘፋኝ ኤንሪኮ ካሩሶን አስፈርሟል። ማጫወቻ ፊት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ውሻ ምስልም የኩባንያው መለያ ነበር። ቀይ ወረቀት የተለጠፈባቸው የታላላቅ ዘፋኞች ሸክላዎች ከሌሎቹ በላይ ዋጋ ያወጡ ነበር። ኤዲሰን ግን ዘፋኞቹን በራሱ ደካማ ጆሮ እየመረጠ፣ መጀመሪያ ላይ ስማቸውን እንኳ በሸክላው ላይ አያጽፍም ነበር። ሸክላዎቹም በመደበኛው የሌላ አምራች ማጫወቻ በአግባቡ አይሰሙም። የራሱ ስምና የድምፁ ጥራት ይበቃል ብሎ ነበር፤ አልበቃም። በ1929 ኩባንያው ሸክላ መሥራቱን አቆመ። ኤዲሰን በአሜሪካ 1,093 የፈጠራ መብቶች አስመዝግቦ፣ በ1931 በ84 ዓመቱ አረፈ።

ስም ኃይል አለው። በአገራችን ማንኛውንም ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ እንላለን፤ ቃሉ ግን የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው። ስም ሁልጊዜም ባዶ አይደለም፤ የካሩሶ ድምፅ በእርግጥ ድንቅ ነበር። ነገር ግን ስም በጆሮ ምትክ አይሰማም፤ ጥሩ ድምፅም ካለን ዕቃ ጋር ካልሠራና ሲበላሽ ጠጋኝ ካላገኘ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ እንዲህ ልናደርግ ተስማምተናል። ለመግዛት ያሰብናቸውን ማጉያዎች በግቢያችን ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ስማቸውን በጨርቅ እንሸፍናለን። ከፍ ብሎ የሚጮኸው የተሻለ ስለሚመስል የሁሉንም መጠን እኩል እናደርጋለን። አንድ ተማሪ በሁሉም ላይ ያንኑ ጽሑፍ ያነባል። ወላጆች ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠው፣ ቃሉ በግልጽ በተሰማቸው ጊዜ እጃቸውን ያወጣሉ። ሞያሌ ላይ ሊጠገን መቻሉን ደግሞ አስቀድመን እንጠይቃለን። ዋጋው ያነሰው ካሸነፈ፣ የተረፈው ገንዘብ ለመጻሕፍት መግዣ ይውላል።

የኤዲሰን መምህር ልጁን በደንብ ሳያዳምጥ ስም ለጠፈበት፤ እናቱ ግን ሰማችው። እኛ መምህራንም ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ልጆቻችሁንም፣ የተለጠፈባቸውን ስም ሸፍነን እንድናዳምጥ ይህ ሕይወት ያሳስበናል።