የዶክተር መላኩ በያን የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎች! በዘመናችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ አንድ ወጣት ጎሮ ከሚገኘው ቤቱ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል፤ ማታ ከተሳፈረም በማግሥቱ አሜሪካ ምድር ላይ ይገኛል። የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ የመቀበያ ደብዳቤ ልኮለታል። የሚያድርበት ክፍል፣ የሚመገብበት አዳራሽ፣ ቢታመም የሚታከምበት ክሊኒክ ይጠብቀዋል። የትምህርቱን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ታውቋል። የተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብም ታትሞ ይሰጠዋል። ቸገረኝ ቢል የሚያነጋግረው የውጭ አገር ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ አለ፤ ነገሩ ከዚያ ካለፈም የአገሩ ኤምባሲ አለ። አሁን የሕይወት ታሪካቸውን የምታነቡት ሰው ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ ባልነበሩበት ዘመን አሜሪካ ሄደው የተማሩ ናቸው። ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይኸውም ለትምህርታቸው ገንዘብ የከፈለው ማን እንደ ነበረና በባዕድ አገር እንደ ወገን የተቀበላቸው ማን እንደ ነበረ ነው። ሁለቱ አንድ አልነበሩም።

መላኩ በያን በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በዚህም ምክንያት በስምንት ዓመት ያህል ከሚበልጧቸው ከተፈሪ መኰንን ጋር የተዋወቁት በልጅነታቸው ነው። ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲሆኑ መላኩ በአዲስ አበባ በቤተ መንግሥታቸው ከሚማሩት ልጆች አንዱ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ለውጭ ትምህርት የሚላክ ወጣት የሚመረጠው ዛሬ እናንተ በምታውቁት አኳኋን አልነበረም። አገር አቀፍ ፈተና፣ የውጤት ማስረጃ፣ በጋዜጣ የሚወጣ ማስታወቂያ የሚባል ነገር አልነበረም። ገንዘቡ የሚወጣው በአልጋ ወራሹ ፈቃድ ነበር፤ ልጁን የሚያውቁት፣ ባሕርዩን ያዩትና የሚልኩትም እርሳቸው ነበሩ። ይህ ፍትሐዊ ነበረን ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ከቤተ መንግሥት ርቆ የሚኖር የገበሬ ልጅ አእምሮው የቱንም ያህል ብሩህ ቢሆን ያንን ዕድል ለማግኘት መንገድ አልነበረውም። በሌላ በኩል ግን በዚህ አኳኋን የተላከ ወጣት በትከሻው ላይ የተሸከመው ዕዳ ቀላል አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሥርዓት ከተጀመረ ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎች ውል ሲፈርሙ የሚከፍሉት ገንዘብ ልኩ ታውቆ ነው። የመላኩ ዕዳ ግን ልክ አልተቆረጠለትም፤ የሚጠበቅባቸው ተምረው መመለስና አገራቸውን ማገልገል ብቻ ነበር፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን የተነገረ ነገር የለም።

በ1913 ዓ.ም. መላኩ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር በመጀመሪያ ወደ ሕንድ ተላኩ። ሕንድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። በዚያም ብዙ ሳይቆዩ ከራስ ተፈሪ ፈቃድ አግኝተው በ1914 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ አለፉ። ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ለትምህርት የሚወጡ ወጣቶች የሚሄዱት በአብዛኛው ወደ ግብፅ፣ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ ነበር። ወደ አሜሪካ የሄዱት እጅግ ጥቂት ናቸው። ዋሽንግተን እንደ ደረሱም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዋረን ሃርዲንግ ተቀብለው አነጋገሯቸው። ከአንዲት ነጻ አፍሪካዊት አገር የመጡ ተማሪዎች በመሆናቸው ብርቅ ነበሩ ማለት ነው። የሚገርመው ግን በፕሬዚዳንቱ ቤት የተከበረ ያው ተማሪ ከዚያ ወጥቶ በከተማው ውስጥ ምሳ ልብላ ቢል በቆዳው ቀለም ምክንያት በብዙ ምግብ ቤቶች የሚያስተናግደው አልነበረም።

መላኩና በሻህውረድ ሀብተ ወልድ ኦሃዮ በሚባለው ክፍለ አገር፣ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኘው ሙስኪንገም ኮሌጅ ገቡ። ኮሌጁ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ይኸው ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያ ሚሲዮን ነበረው። ከተማዋ እጅግ ትንሽና ነዋሪዎቿም በአብዛኛው ነጮች ነበሩ። (በዚያው ጊዜ በኒው ኮንኮርድ ያድግ የነበረ አንድ ሕፃን፣ ጆን ግሌን፣ ኋላ በ1954 ዓ.ም. በጠፈር መንኮራኩር ምድርን የዞረ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆኗል።) መላኩ በዚህ ኮሌጅ እስከ 1920 ዓ.ም. ተምረው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ቀጥሎም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ጊዜ ተማሩ።

እስቲ የዚያን ጊዜ ተማሪ ሆናችሁ አስቡት። ኢትዮጵያ በዋሽንግተን ኤምባሲ አልነበራትም። ከአዲስ አበባ የሚላክ ደብዳቤ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ተጭኖ፣ ሳምንታት ፈጅቶ ይደርሳል። መልሱም እንደዚያው ነው። ክፍያ ቢዘገይ፣ ሕመም ቢያጋጥም ወይም ስለ አገሩ የማይሆን ነገር በጋዜጣ ቢወጣ አቤት የሚባልበት የኢትዮጵያ ቢሮ አልነበረም። ተማሪው ራሱ የአገሩ መልእክተኛ ነበር።

ከዚህም ሌላ ማንም አትሞ የማይሰጠው አንድ ደንብ ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው በየስፍራው ተለይቶ ይኖር፣ ተለይቶ ይማር፣ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። ከሌላ አገር የመጣ ጥቁር ግን የባዕድ አገር ሰው መሆኑን በልብሱና በአነጋገሩ ካሳየ አልፎ አልፎ ከዚህ ውርደት ሊያመልጥ ይችል ነበር። እኔ ከእነዚህ አይደለሁም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አንዳንድ አውሮፓውያንም ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን እንደ ጥቁር አይቆጥሩም እያሉ ይጽፉ ነበር። መላኩ በዚህ ቀዳዳ ማምለጥን አልፈለጉም። እንዲያውም የሕክምና ትምህርታቸውን ለመከታተል የመረጡት በዋሽንግተን የሚገኘውን የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድን ነበር።

ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1867 እ.ኤ.አ. ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ልጆች ይማሩበት ዘንድ የተመሠረተ ነው። የሕክምና ተማሪዎቹ የሚለማመዱት ፍሪድመንስ በሚባለው፣ በርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ለነጻ ወጪዎች በተቋቋመው ሆስፒታል ነበር። በዚያን ጊዜ ከጥቁር አሜሪካውያን ሐኪሞች አብዛኞቹ የወጡት ከሃዋርድና ናሽቪል ከሚገኘው ከመሀሪ ኮሌጅ ነው፤ ሌሎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም ጥቂት ብቻ ነበር። ከአፍሪካ የሚመጣም ተማሪ ወደ ሃዋርድ ይሳብ ነበር። ኋላ የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ንናምዲ አዚኪዌ እዚያው ተምረዋል። አዚኪዌ ግን ከቤተ መንግሥት ገንዘብ የሚልክላቸው ስላልነበረ ዕቃ እያጠቡና ሌላም የጉልበት ሥራ እየሠሩ ይማሩ ነበር፤ በመጨረሻም ገንዘብ አጥሯቸው ሃዋርድን ለቀው ሌላ ኮሌጅ ገብተዋል። የሁለቱን ኑሮ ስታወዳድሩ የገንዘብ ድጋፍ ያለውና የሌለው ተማሪ ልዩነት ይታያችኋል።

ለመላኩ ገንዘቡ ነበራቸው። ሃዋርድ የሰጣቸው ገንዘብ የማይገዛውን ነገር ነው። በዩኒቨርሲቲው ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካን ታሪክ የሚያስተምሩ ዊልያም ሊዮ ሀንስበሪ የተባሉ መምህር ነበሩ። በዚያ ዘመን አፍሪካ ታሪክ አላት ብሎ ማስተማር በራሱ ድፍረት ነበር። መላኩ ከእኒህ ሰው ጋር ወዳጅነት መሠረቱ። በ1934 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ እውነተኛ ዕውቀት የሚሰበስብና የሚያሠራጭ የኢትዮጵያ የምርምር ጉባኤ አቋቋሙ። ሀንስበሪ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሃዋርድ ከአፍሪካ ለሚመጡ ተማሪዎች አማካሪ ሆነው ችግራቸውን ሲከታተሉ ኖረዋል፤ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ስለ አፍሪካ ጥናታቸው ሸልሟቸዋል።

መላኩ በአገር ቤት ከአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ልጅ ጋር ታጭተው ነበር። ይህን እጮኝነት ትተው በ1923 ዓ.ም. ገደማ ዶሮቲ ሃድሊ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ይህ እንዲሁ የወጣት ልብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የላካቸው ቤተ መንግሥት ነው፤ እጮኛቸውም ከመኳንንቱ ወገን ነበረች። እርሳቸው ግን ኢትዮጵያዊና ጥቁር አሜሪካዊ አንድ ወገን ነው የሚለውን እምነታቸውን በገዛ ኑሯቸው ማሳየት ፈለጉ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚህ ምክንያት እምነታቸውን አልነሷቸውም። እንዲያውም ባለሙያ የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው በኢትዮጵያ እንዲሠሩ የማግባባቱን ሥራ ሰጧቸው። አብራሪው ጆን ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጡትና በጦርነቱ ጊዜ ትንሹን የኢትዮጵያ አየር ኃይል የመሩት በመላኩ አማካይነት ነው።

መላኩ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከባለቤታቸውና ከትንሽ ልጃቸው ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያ ሁሉ ዓመት የተደከመበትን ሙያ በሰላም የሚሠሩበት ጊዜ ግን አላገኙም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወሰን ተሻገረ። ዶክተር መላኩ በኦጋዴን ግንባር ቁስለኞችን አከሙ፤ ከዚያም በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ በሐኪምነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲወጡ እርሳቸውም ወደ እንግሊዝ አገር አብረው ሄዱ።

እዚህ ላይ የዕዳው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ያስተማራቸው መንግሥት አሁን ራሱ ስደተኛና ገንዘብ የለሽ ሆነ። በአዲስ አበባ ደግሞ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች በውጭ አገር የተማሩትን ወጣቶች እየለቀሙ ገደሉ። ዶክተር መላኩ ከዚህ ያመለጡት ከጥቂት ወራት በፊት፣ በመስከረም 1929 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ አሜሪካ ተልከው ስለ ነበር ነው። የሐኪምነት ፈቃድ አውጥተው በኒው ዮርክ ቢሠሩ ኖሮ ቤተሰባቸውን በምቾት ያኖሩ ነበር። እርሳቸው ግን በሃርለም ተቀምጠው የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለ ጋዜጣ ማሳተም ያዙ፤ ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። የፌዴሬሽኑ ቅርንጫፎች በብዙ ከተሞች ተከፈቱ። አባሎቹ አብዛኞቹ ድኾች ነበሩ፤ የቤት ሠራተኞች፣ የቀን ሠራተኞች፣ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ሥራ ያጡም ሰዎች ነበሩባቸው። ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ርዳታ ይሆን ዘንድ ከእጃቸው ሳንቲም ያዋጡ ነበር። በተማሪነታቸው ጊዜ መላኩን እንደ ወገን የተቀበለው ሕዝብ አሁን አገራቸውን ይረዳ ጀመር።

ሥራው ግን አካላቸውን ጎዳው። ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየአዳራሹ እየተናገሩ፣ በየቤቱ እየሄዱ ርዳታ እየሰበሰቡ ዕረፍት አላገኙም። በሳንባ ምች ታመው ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሞቱ። ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ነበር።

ልክ ከአንድ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በ1943 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ በዋሽንግተን የመጀመሪያውን ሌጋሲዮን ከፈተች፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ቢቸገር ሄዶ የሚያንኳኳው በር አገኘ።